ያልተቀበልኩት ቃል

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አፌ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። ጂንካ ገበያ ውስጥ አንዲት የኣሪ ሴትና አንድ የቤና ሽማግሌ በቅል ዋጋ ሳይግባቡ ሲቀሩ ካየሁ፣ ሳላስበው መሀላቸው ገብቼ እገኛለሁ። ባለቤቴ "ደግሞ ማን ቀጠረህ?" እያለች በኮቴ እጅጌ ትጎትተኛለች። እውነቷን ነው፣ ማንም አልቀጠረኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ሲያመላልስ የኖረ አፍ ግን በአንድ የስንብት ደብዳቤ ዝም አይልም።

የኖርኩት በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነው። ዛሬ ሥራው ተለውጧል። ልጆቹ ዲፕሎማ ይዘው ይገባሉ፤ ችሎቱ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ አለ፤ የሚያከራክር ነገር ሲመጣ ወደ ኋላ መልሶ መስማት ይቻላል። በእኛ ጊዜ የተናጋሪው ቃል በሕይወት የሚቆየው እኔ አፌን እስክከፍት ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የእኔ ቃል ነው። አዲሶቹ አስተርጓሚዎች አልፎ አልፎ ቤቴ እየመጡ "ጋሼ፣ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ምኑ ነው?" ይሉኛል። ትክክለኛውን ቃል ማግኘት ነው እያልኩ እሸኛቸው ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ከደረሰብኝ ነገር በኋላ ግን እውነቱን ልጽፈው ቆረጥኩ።

ትውልዴ ከኣሪ ደጋ፣ ከገዘር ከተማ ነው። አባቴ ከደጋው ገብስና ነጭ ሽንኩርት እያወረደ በቤናዎች ከተማ፣ በቀይ አፈር ይነግድ ስለነበር፣ ያደግኩት እዚያው መንገድ ዳር ነው። ቤት ውስጥ ኣሪኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ሜዳ ላይ ኳስ ስንራገጥ ደግሞ የቤና ቋንቋ። የቤናውን ማንም አላስተማረኝም፤ ኳስ ለማቀበል ስል ገባብኝ። ከፍ ስል በቤተ ክርስቲያናችን ስብከት ማስተርጎም ጀመርኩ። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ አመለከትኩ። ደመወዙ ለሰው የሚነገር አልነበረም፤ ቢሆንም የመንግሥት ሥራ ነውና እናቴ ጎረቤት ጠርታ አስጸለየች።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳም። ስብከት ስታስተረጉም ሰባኪው ከጮኸ ትጮሃለህ፣ ካለቀሰ ታለቅሳለህ፤ እኔም ያንኑ ይዤ ችሎት ገባሁ። አንድ ሰውዬ ስለጠፋችበት ፍየል በቀስታ ተናገረ፤ እኔ ጣሪያው እስኪነቃነቅ አሰማሁለት። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው "አቶ ዮሐንስ፣ ፍየሏ የእርስዎ ነበረች እንዴ?" አሉኝ። ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። በዚያች ቀን ያልሳቀብኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ነባሩ አስተርጓሚ ጋሽ ኦይታ ነው።

ጋሽ ኦይታ የቤና ሰው ነው። ፊደል አልቆጠረም። አማርኛ የተማረው በወጣትነቱ የፖሊሶችን በቅሎ ሲጠብቅ ነው። በእሱ አማርኛ ውስጥ "እርስዎ" የሚባል ነገር የለም፤ ዳኛውንም፣ ጸሐፊዋንም፣ እስረኛውንም እኩል "አንተ" ይላል፣ ማንም አይቀየመውም። እኔን የሚጠራኝ "የገዘር ልጅ" እያለ ነበር። የእሱን ልማዶች ሁሉ ወርሻለሁ ማለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግማሹ እንኳ ካለኝ ትልቅ ነገር ነው።

ጠዋት ችሎት ከመግባቱ በፊት ከጓሮው ቧንቧ ውኃ ቀድቶ አፉን ሦስት ጊዜ ይጉመጠመጣል። ምን እያደረገ እንደሆነ ስጠይቀው "የራሴን ወሬ ማስወጣት ነው" አለኝ። "ከሚስት ተጣላሁ፤ እሱ እዚህ አፍ ውስጥ አለ። ይዤው ከገባሁ ሰው ጉዳይ ላይ ይወድቃል።" ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር፣ ባለጉዳዮቹ መሀል ይቀመጣል። ስለ ክሱ አንድ ነገር አይጠይቅም፤ ክልክልም ነው። የሚጠይቀው መንገዱን ነው፤ የት አደራችሁ፣ ወንዙ ሞልቷል ወይ፣ ከብቱ እንዴት ነው። እነሱ ሲመልሱ እሱ አነጋገራቸውን ያጠናል። ይሄኛው ሲፈራ ይፈጥናል፤ ያቺኛዋ ዋናውን ነገር የምታስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ችሎት ሲገቡ ሰዎቹ ለእሱ አዲስ አይደሉም።

"እኔ" ማለትንም ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔ የጀመርኩት "ፍየሌ ጠፋችብኝ ይላል" እያልኩ ነበር። እሱ "'ይላል' ምንድን ነው?" አለኝ። "አንተ እዚህ የለህም። 'ፍየሌ ጠፋችብኝ' በል፣ በቃ።" በሌላ ሰው ፋንታ "እኔ" ማለት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ "እኔ ገደልኩት" ማለት ሲመጣ ደግሞ ምላስ ያስራል። ቆይቶ ግን ይገባሃል። "ይላል" ባልክ ቁጥር ራስህን መሀል አቁመህ ሰውየውን እየተጠራጠርከው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መቀበል ነው። በቤና ሰው ዘንድ ነገር መናገር ሁለት ሰው የሚሸከመው ሥራ ነው። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ከእያንዳንዱ ሐረግ በኋላ "እእ" እያለ፣ አንዳንዴም የመጨረሻዋን ቃል እየደገመ ይቀበለዋል። ተቀባይ ሲኖር ንግግሩ ከሥሩ ይነሣል፣ ዘመድ ይቆጥራል፣ መንገዱን ያቋርጣል፣ በመጨረሻም ዋናው ጉዳይ ላይ ይደርሳል። ተቀባይ ሲጠፋ ተናጋሪው ቆም ይልና የሚሰማው ሰው መኖሩን ይጠብቃል። ጋሽ ኦይታ ከተናጋሪው አጠገብ ቆሞ፣ ለራሱ የሚያንጎራጉር እስኪመስል ድረስ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቀበል ነበር። የድሮዎቹ ዳኞች ለምደውታል። እኔንም "ሰው ዝም ካለ አንተም ዝም በል። ዝምታን አትተርጉም፤ ያንተ አይደለም" ብሎ አስጠንቅቆኛል።

በሦስተኛው ዓመቴ አዲስ ዳኛ ተመደቡልን። ወጣት ናቸው፣ ሕጉን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ሥነ ሥርዓት የሚወዱ፣ እጃቸው ንጹሕ የሆነ ሰው። በገቡ በሳምንቱ ሰኞ አንድ ምስክር ሲናገር እኔ "እእ" ስል ሰሙና ንግግሩን አስቆሙት። "አስተርጓሚ ምስክርን 'አዎ፣ አዎ' እያለ ሊያደፋፍር አይችልም" አሉኝ። "ከእንግዲህ በዚህ ችሎት ከትርጉሙ በቀር ድምፅዎን መስማት አልፈልግም።" ነገሩን ላላወቀ ሰው የሚመስለው እንደዚያ ነው። ማስረዳት የእኔ ድርሻ ነበር። እኔ ግን ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ "እሺ፣ ክቡር ዳኛ" ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ኦይታ በዚያ ሳምንት ለቅሶ ሄዶ ነበር።

ዓርብ የዳሎ ጉዳይ ቀረበ።

ዳሎ የቤና ሴት ናት፤ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ መካኒክ ጋር ቀይ አፈር ውስጥ አብረው ሲኖሩ አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። ካምፑ ሊነሣ ሲል አባትየው "ልጄን አርባ ምንጭ ወስጄ ላስተምራት" ብሎ አመለከተ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለሚያርፉበት የእህቱ ቤት፣ ስለ ሐኪም ቤቱ ቅርበት፣ በሚያምር አማርኛ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ሲናገር ዳኛው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ጸሐፊዋ ትጽፋለች። ያኔ ልብ አላልኩትም እንጂ፣ ዳኛው በራሳቸው መነቅነቅ እየተቀበሉት ነበር።

ከዚያ ዳሎ ተነሣች። "ልጄ ናት" አለች። አስተረጎምኩ። "ወልጄ ያሳደግኳት እኔ ነኝ" አለች። አስተረጎምኩ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች።

ምን እየጠበቀች እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የጎደለችው አንዲት "እእ" ናት። ዳኛው ግን እያዩኝ ነው፤ የሰኞው ተግሣጽ ከጆሮዬ አልወጣም። ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማል። አባትየው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ዳኛው "ሌላ የምትለው አላት?" አሉ። ጥያቄውን ወደ እሷ መመለስ ነበረብኝ። ያ ዝምታ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብቻ ፈልጌ፣ ፊቴን ወደ ዳኛው እንዳዞርኩ "ሌላ የምለው የለኝም" አልኩ። በ"እኔ" ነው ያልኩት፤ መዝገቡም ያንኑ ጻፈ።

ልጅቷ ለአባቷ ተሰጠች። ስንወጣ ማንጎው ሥር ዳሎ ወደ ወንድሟ ዞራ "ቀሪውን የምናገረው መቼ ነው?" ስትለው ሰማሁ። ወንድሟ ወደ እኔ አየ። እኔ ፋይል የረሳሁ መስዬ ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

ጋሽ ኦይታ ከለቅሶ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠና "የገዘር ልጅ፣ የሰው አፍ ወስደህ ዘጋህ" አለኝ። "ተነሥ፣ ዳኛው ጋ እንሂድ።" ሄድን። ዳኛው ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። "ፈርጄበታለሁ፣ አሁን እኔ ልነካው አልችልም። ይግባኝ ትበል፤ እርስዎም ያደረጉትን በጽሑፍ ይስጡ" አሉ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ይግባኙም ገባ። መጥሪያው ግን በተደጋጋሚ "ከካምፑ ለቋል፣ አርባ ምንጭም እህቱ ቤት የለም፣ አድራሻው አልታወቀም" ተብሎ ተመለሰ። አባትና ልጅ የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ፣ መዝገቡም ተዘጋ። ሥራዬን ልለቅ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጋሽ ኦይታ ማንበብ ባይችልም ምን እንደሆነ ገብቶት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ብትሄድ በአንተ ቦታ የሚመጣው ይህን አያውቅም" አለኝ። "አንተ አሁን ታውቃለህ። ቁም።"

ቆምኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልማዳቸው እንደ ቤና የሆነ አንድ የፀማይ ሽማግሌ በመሬት ክርክር ሲቀርቡ ታናሽ ወንድማቸውን ከጎናቸው አቆሙ። ዳኛው "እኚህ ማን ናቸው? ጠበቃ ናቸው?" ሲሉ ጋሽ ኦይታ "አይደለም፣ ጆሮው ነው" አለ። "አንተ መነጽርህን ይዘህ ትመጣለህ፤ እሱም ጆሮውን ይዞ መጣ።" ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ መልሰው አጠለቁት፣ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀበል በእሳቸው ችሎት ተፈቀደ። "አስተርጓሚው በተናጋሪው ልማድ መሠረት የሚያሰማው የመቀበያ ድምፅ እንደ ድጋፍ አይቆጠርም" የምትል አንዲት መስመርም መዝገብ ውስጥ ትገባ ጀመር። ያረቀቅኳት እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራባት እሷ ብቻ ናት።

በተዘዋዋሪ ችሎት ቦዲዎች አገር፣ ሃና ከተማ ድረስ እንሄድ ነበር። እዚያ የእኔ ቋንቋዎች አይበቁም። ዳኛው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ ኣሪኛ እመልሳለሁ፣ የቦዲን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ የኣሪ ገበሬ ደግሞ ለቦዲ ሽማግሌዎች ያደርሳል። አንድ ቀን ዳኛው ስለ ተበላሸችው መኪናችን ቀለዱ። መጀመሪያ ጸሐፊዋ ሳቀች፣ ቀጥሎ ገበሬው ሳቀ። እኛ ረስተነው ሌላ ነገር ከጀመርን በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ሳቁ። "የእኔ ቀልድ በእግሩ ነው የመጣው" አሉ ዳኛው። አጭር አጭሩን እየቆረሱ ማቀበልን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ረጅም ንግግር ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ጋሽ ኦይታ ጡረታ ሳይኖረው ነው ያረጀው፤ ቅጥሩ የቀን ሠራተኛ ስለነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ቤቱ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ስለ አንድ ወይፈን ያወራልኛል፤ የወይፈኑን እናት፣ የእናቲቱን እናት እየቆጠረ ይሄዳል። እኔ "እእ" እላለሁ። ድካም ሲይዘው ያቆማል፤ እጠብቀዋለሁ፤ ይቀጥላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ወይፈኑ ወንዙን ሲሻገር አቆመ። ብዙ ጠበቅኩት። ሚስቱ መጥታ ትከሻዬን ስትነካኝ ነው የገባኝ። እንደ አባቴ ነው ያለቀስኩለት።

ዳሎን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ቀይ አፈር ገበያ ላይ አገኛት ነበር። ማር ትሸጣለች። ሰላም ትለኛለች፣ እኔም ሰላም እላታለሁ፤ ማር እገዛታለሁ። ስለዚያ ዓርብ አንድ ቀን አንሥቼ አላውቅም። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ለዳኛ ያመንኩትን ለእሷ ማመን አቃተኝ። አፈርኩ ብል ይቀላል፤ ፈራኋት ማለት ግን እውነቱ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በአምስተኛው ወር አንዲት ሴት ቤቴ መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ የአርባ ምንጭ መኪና አቧራ ጫማዋ ላይ አለ። ትዕግሥት እንደምትባል ነገረችኝ። ፍርድ ቤት ሄዳ የቤና ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቅ "አቶ ዮሐንስን የሚያህል የለም" ብለው ወደ እኔ ላኳት። አባቷ ከመሞቱ በፊት አንድ ወረቀት ሰጥቷታል። "እናቴን ማግኘት እፈልጋለሁ" አለችኝ። "ቋንቋዋን ግን ረስቻለሁ፤ አንድ ቃል የለኝም።"

ወረቀቱን ተቀብዬ ገለጥኩት። የዚያ ዓርብ ፍርድ ግልባጭ ነው። የአባትየው ቃል አራት ገጽ ነው። የእናቲቱ ሁለት መስመር አይሞላም። "ልጄ ናት። ወልጄ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሌላ የምለው የለኝም።" የአስተርጓሚው ስም አልተጻፈም።

"አባቴ ጥሩ ሰው ነበር" አለች ትዕግሥት። "ስለ እሷ ክፉ ተናግሮ አያውቅም። እኔ ግን ይህን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጋሼ፣ ሰው ልጁ ልትወሰድበት ሲል እንዴት 'ሌላ የምለው የለኝም' ይላል? አልፈለገችኝም ማለት ነው?"

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። "ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው፤ እወስድሻለሁ" አልኳት። ከሄደች በኋላ ባለቤቴ፣ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ "ነገርካት?" አለችኝ። "አልነገርኳትም" አልኩ። "ታዲያ በየትኛው አፍህ ነው የምታስተረጉምላት?" አለችኝ።

ለዳሎ ወንድም ደውዬ አሳወቅኩት። ሐሙስ በሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ስንደርስ ዳሎ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። ቆማ ትዕግሥትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። የልጇን የቀኝ እጅ አንጓ ያዘችና አለቀቀችውም። "ቡኖ" አለች። ልጅቷን ስትወልድ ያወጣችላት ስም ነው። ያንን ማስተርጎም አላስፈለገም፤ ትዕግሥት ስሙን ስትሰማ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔ ወደ መንገዱ አየሁ።

ረጋ ሲሉ ትዕግሥት ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። "ጋሼ፣ ይህን ይጠይቁልኝ" አለች። "ዳኛው ፊት 'ሌላ የምለው የለኝም' ያለችው ለምንድን ነው?"

ጥያቄውን ማለዘብ እችል ነበር። መልሱንም እንደፈለግኩ ማድረግ እችል ነበር፤ "ፈርቼ ነው ትላለች" ብል ሁለቱም ተቃቅፈው ይለያያሉ፣ እኔም ቤቴ እገባለሁ። እዚያ በረንዳ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ጥያቄውን እንዳለ አስተረጎምኩት።

ዳሎ ወረቀቱን አላየችውም። ያየችው እኔን ነው።

"እኔ አላልኩም" አለች።

"እእ" አልኳት።

"አፌ ተዘግቶ ሳለ የዚህ ሰው አፍ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።"

"እእ።"

"ያለው እሱ ነው።"

ትዕግሥት "ምን አለች?" አለችኝ።

"እኔ አላልኩም" አልኳት። "አፌ ተዘግቶ ሳለ የዚህ ሰው አፍ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ያለው እሱ ነው።"

"የትኛው ሰው?"

እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። "ይህ ሰው" አልኩ። "የዚያን ቀን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። እናትሽ አልጨረሰችም ነበር። የሚቀበላት ሰው እየጠበቀች ነበር። እኔ ዳኛውን ፈርቼ ጨርሳለች አልኩ።" ለዳሎም ያልኩትን በቋንቋዋ ደገምኩላት። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ትዕግሥት ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋችው። ብትጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር። "እኔ ይህን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ያውቃሉ?" አለች። "ገበያው ውስጥ ሌላ የሚያስተረጉምልሽ ሰው ልፈልግልሽ" ብዬ ተነሣሁ። ዳሎ ምን እያልን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"ይቀመጥ" አለች። "የት ጋ እንዳቆምኩ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።"

ይህንንም አስተረጎምኩ። ትዕግሥት እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "ታዲያ ምን ልትል ነበር?" አለች። "ሁሉንም ልስማው።"

"'ወልጄ ያሳደግኳት እኔ ነኝ' ብለሽ ነው ያቆምሽው" አልኩ ለዳሎ፤ ተቀመጥኩም።

ዳሎ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ወልጄ ያሳደግኳት እኔ ነኝ" አለች። "እእ" አልኳት። "ዳኛው ለአባቷ ሊሰጣት እንደሚችል ወንድሜ ነግሮኛል።" እእ። "ቢሰጣትም ይህን ሰምቶ ይስጥ። ይህች ልጅ የምትተኛው የእኔን ጆሮ ይዛ ነው። ጆሮ የሚሰጣት ሰው ይኑር።" እእ። "ትኩስ ወተት አትወድም፤ ይቀዝቅዝላት። መብረቅ ሲመታ አታለቅስም፣ ዝም ትላለች። ዝም ስትል ፈርታለች ማለት ነው፤ አይቆጧት። ጅብ አትፈራም፤ ዶሮ ትፈራለች።"

እያንዳንዱን ለትዕግሥት አቀበልኳት። ዶሮው ላይ ስንደርስ እያለቀሰች ሳቀች። "አሁንም እፈራለሁ" አለች። "ይንገሯት፤ አሁንም ዶሮ ባለበት ግቢ አልገባም።" ነገርኳት። ዳሎ እንደሚገባት ራሷን ነቀነቀች።

"ቀጥሎ ደግሞ" አለች ዳሎ፣ "ማሽላ በተሰበሰበ ቁጥር አባቷ ወደ እኔ ያምጣት። በዓመት አንድ ጊዜ። እንዳትረሳኝ ሳይሆን፣ ምን ያህል እንዳደገች ከትከሻዬ ጋር እንድለካት።"

ይህን ስሰማ ማስተርጎም አቃተኝ። በዓመት አንድ ጊዜ ልጇን እንድታይ ማዘዝ ለዚያ ዳኛ ከባድ አልነበረም። ይፈቅዱላት ነበር፤ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ። ዳሎ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቃል በቃል አስተረጎምኩት።

ትዕግሥት ብድግ አለች፤ እናቷንም ክንዷን ይዛ አስነሣቻት። ጫማዋን አወለቀችና በባዶ እግሯ ከዳሎ አጠገብ ተጠግታ ቆመች። ዳሎ መዳፏን በልጇ ራስ ላይ አድርጋ ወደ ራሷ አሻገረችው፤ ትዕግሥት በአንድ ጣት ትበልጣታለች። ዳሎ እጇን እዚያው እንደያዘች ንግግሯን ቀጠለች።

ገበያው መበተን ጀመረ። የመጨረሻው የጂንካ መኪና ከመንገዱ ዳር ጡሩምባውን ነፋ፤ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ጂንካ!" እያለ ሁለት ጊዜ ተጣራ። ዳሎ የልጅቷ የመጀመሪያ ጥርስ የወጣበትን ወር እየተናገረች ነበር። እኔ "እእ" አልኩ። ማንም ወደ መኪናው አልሄደም።